ዱካ ለመቃኘት ከቤተሰብ ጋር ወደ ሱባ ደን

አደን የሚያውቁ ሰዎች ከተኩሱ ይልቅ ከተኩሱ በፊት ያለው ቅኝት እንደሚከብድ ይናገራሉ። እንስሳው የት ያድራል? በየት በኩል ወርዶ ውሃ ይጠጣል? ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ወንዱ የትኛው ነው? ይህን ሁሉ ለማወቅ ጠመንጃ አያስፈልግም። ትዕግሥት ያለው ልጅ ከአባቱ እኩል ሊሠራው ይችላል፤ እንዲያውም ዓይኑ ለመሬት ስለሚቀርብ ብዙ ጊዜ ዱካውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቦታው ሩቅ አይደለም። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። የምኒልክ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ከርከሮ፣ ጅብና ነብር የሚኖሩበት፣ ድንኳን ተክሎ ማደርም የሚቻልበት ደን ነው። የሚከተለው አካሄድ ወደፊት በሕጋዊ መንገድ ማደን ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል፤ ጠመንጃ ጨብጦ ለማያውቀውም እንዲሁ።

ደረጃ 1፦ ሕጉን ከልጆቹ ጋር ይነጋገሩበት

በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ይህን የሚደነግገው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ነው። እንደ ደጋ አጋዘን ያሉ እንስሳት የሚታደኑት ለዚሁ በተከለሉ ስፍራዎች፣ በፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው። ሱባ የአደን ስፍራ አይደለም። ስለዚህ መሣሪያ፣ ወንጭፍም ሆነ ውሻ ይዘው አይሂዱ። ልጆች ይህን ከቤት ሳይወጡ ቢሰሙት ጫካ ውስጥ መቆጣት አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ወሩን ይምረጡ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ክረምቱ ያረጠበው መሬት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና ለስላሳ ስለሆነ ኮቴ በደንብ ይታተምበታል፤ መንገዱ ደግሞ ደርቋል። በሐምሌና በነሐሴ ከአስፋልቱ ወደ ደኑ የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን አነስተኛ የቤት መኪና ይዞ መሞከር ልፋት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ ይህን በጓዝ ዝግጅት ላይ ያስቡበት።

ደረጃ 3፦ በሱሉልታና በቡራዩ ይለማመዱ

ሦስቱን ከተሞች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለማዳረስ አይሩጡ። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የአዲስ አበባን ትራፊክ መጋፈጥ አይቀርም። ሱሉልታንና ቡራዩን ለግማሽ ቀን ልምምድ፣ ሰበታን ለማደሪያ ያድርጓቸው።

በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ተሻግረው የሱሉልታ ሜዳ ሲደርሱ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ያቁሙ። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ለወፎች ተስማሚ ነው። ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ይፈልጉ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ልምምዱ ቀላል ነው። ቀስ ብለው ወደ ዝይዎቹ ይራመዱ፤ መጋጣቸውን ትተው አንገታቸውን ቀና ያደረጉ እንደሆነ ወዲያው ይቁሙ። ግጦሻቸውን እስኪቀጥሉ ይጠብቁና ጥቂት እርምጃ ይጨምሩ። ልጁ የእንስሳ ድንጋጤ ከየት እንደሚጀምር የሚገባው እዚህ ነው። ዝይዎቹ ከበረሩ በጣም ተጠግታችኋል ማለት ነው፤ ትምህርቱም አለቀ። ሜዳው የገበሬዎች ግጦሽ በመሆኑ ከመግባትዎ በፊት እረኞቹን ሰላም ብለው ያስፈቅዱ።

በቡራዩ በኩል ደግሞ የገፈርሳ ግድብ አለ። የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ይጠበቃል፤ ጥበቃዎቹ ከፈቀዱ ብቻ ይግቡ። በባይኖኩላር ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ሳይጣደፉ መቃኘትን ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያ አላውቅም።

ደረጃ 4፦ መንገዱንና ጓዙን ያሰናዱ

ስሙ አያሳስትዎ፤ መናገሻ የምትባለው ከተማ ያለችው በአምቦ መንገድ ላይ ነው፣ ወደ ሱባ የተለመደው መግቢያ ግን በሰበታ በኩል ነው። ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርገው ሰበታን ካለፉ በኋላ በስተቀኝ ወደ ተራራው ይታጠፋሉ። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ደኅንነትና የማደሪያውን ሁኔታ ደኑን ከሚያስተዳድረው ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ይጠይቁ። የአካባቢውን መንገድ መሪም ያን ጊዜ ይያዙ። ልጆችዎ በኦሮምኛ በጠዋት ሰላምታ «አካም ቡልተኒ»፣ ሲያመሰግኑ «ገለቶማ» ማለትን ቢለምዱ ደስ ይላል።

ምግቡ ሽታው የማይበረታ ይሁን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ዳቦ ለጠዋት ቅኝት እሳት አይፈልጉም። ለእራት ሽሮ በትንሽ ጋዝ ምድጃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ስሊፒንግ ባግ፣ ኮፍያ፣ ባትሪና ፊሽካ ይያዙ። ከኩሽና አንድ እፍኝ የተነፋ አመድ በትንሽ ከረጢት መያዝ አይርሱ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 5፦ ሳይመሽ ይስፈሩ

ድንኳኑ የሚተከለው ጥበቃዎቹ በሚያሳዩት ቦታ ነው። ከመሸ በኋላ ምግብና ቆሻሻ በሙሉ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ ጅብ ሽታ ተከትሎ ይመጣል። ሕፃናት በመሃል ይተኙ፤ ማንም ብቻውን ለሽንት አይውጣ። ካልተፈቀደ እሳት አያንድዱ፤ የጽድ ቅርንጫፍና ቅርፊት ደርቆ ሲገኝ ቶሎ ይቀጣጠላል።

የምሽቱ ወግ ስለ ዛፎቹ ይሁን። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ በአፈ ታሪክ ይነገራል። አፄ ምኒልክም ደኑ እንዲጠበቅ አዝዘዋል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ሳይጠፉ የቆዩት በዚህ ጥበቃ ነው፤ ድኩላውም የሚኖረው ዛፉ ስላለ ነው።

ደረጃ 6፦ የንጋቱ ቅኝት

ጉዞው ሁሉ የተደረገው ለዚህ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታችሁ፣ በሶ ቀምሳችሁ፣ ሰማዩ ሳይቀላ ተንቀሳቀሱ። መንገድ መሪው ከፊት፣ ልጆቹ በመሃል፣ አንድ አዋቂ ከኋላ ይሁን። ንግግር በእጅ ምልክት ነው።

አመዱን አሁን ያውጡት። ቆንጠር አድርገው ከትከሻ ከፍታ ይልቀቁትና ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ካሞቀች በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ላይ ይነፍሳል። ስለዚህ በማለዳ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጠረናችሁን ከእንስሳው ያርቃል። አመዱ ወደ ፊታችሁ መመለስ አለበት፤ ወደምትሄዱበት ከቀደማችሁ ድኩላው አውቋችኋል።

መሬቱን ይመልከቱ። የድኩላ ኮቴ ጠባብና ጫፉ ሹል ነው፤ ለብቻው የሚሄድ እንስሳ ስለሆነ ዱካው አንድ መስመር ይዞ ወደ ጥሻ ይገባል። በደኑ ዳር የሚሰማሩት በጎች ኮቴ ግን ጫፉ ደንዘዝ ያለ ነው፣ ብዙ ሆኖም ይረጋገጣል። በጠጡ የሚያብለጨልጭና እርጥብ ከሆነ እንስሳው ብዙ አልራቀም፤ ከደረቀና ከነጣ ይለፉት። ክብ ሆኖ የጥፍር ምልክት የሌለው መዳፍ የነብር ነው፤ ጥፍሩ ከታየና የፊቱ እግር ከኋላው ከሰፋ የጅብ ነው። አጥንት ስለሚበላ ኩሱም ይነጣል። የተገለበጠና የተቆፈረ አፈር የአሳማ ዘሮች ሥራ ነው።

ድኩላውን ካገኛችሁት ለብቻው ጥሻ ዳር ቆሞ ቅጠል ሲቀነጥስ ይሆናል። ወንዱ ሊጠቁር የደረሰ፣ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ ያለው ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም፣ መልኳም ፈካ ይላል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ጮኾ ይሰወራል። ያኔ አይከተሉት፤ ቆመው ጸጥ ይበሉ። ፀሐይ ስትወጣ ከላይ የጉሬዛዎች ጩኸት ይሰማል። ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው የሚወረወሩትን ጉሬዛዎች ልጆቹ ይቁጠሩ፤ አውራ ጣት የሌለውን እጃቸውን በባይኖኩላር ማየት ይቻላል። ሶሪትም ስትበር በክንፏ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ብልጭ ይላል።

ደረጃ 7፦ ይጻፉት

ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይስጡ። ሰዓቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ወንድ ወይም ሴት፣ ሲያደርግ የነበረው። «ድኩላ አየን» የሚለው ብቻ ዋጋ የለውም፤ «12 ሰዓት ተኩል፣ አንድ ወንድ፣ ወንዙ ዳር፣ ወደ ላይ ሄደ» የሚለው ግን በሚቀጥለው ዓመት የት መቆም እንዳለባችሁ ይነግራል። በሕጋዊ የአደን ስፍራዎችም የሚፈቀደው ቁጥር የሚወሰነው በእንዲህ ያለ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ስለዚህ በግምት የተጻፈ ቁጥር እንስሳውን ይጎዳል። ያላዩትን አይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ወጥመድ ካጋጠማችሁ

አንዳንዴ በእንስሳ መተላለፊያ ላይ የሽቦ ወይም የገመድ ማነቂያ ይገኛል። ልጆቹን ወደኋላ መልሱ፤ እጃችሁን አታስገቡበት። ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁና በካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለመንገድ መሪው አሳዩት፤ ከመውጣታችሁ በፊትም በመግቢያው ላለው ጥበቃ በስም ሳይሆን በስፍራ አስረዱ። ማን እንዳጠመደ ለመገመት አትሞክሩ፤ ማነቂያው ያለበት ቦታ በትክክል ከታወቀ ለመንቀሉ ይበቃል።