ግዙፍና ረቂቅ አሳብ

የሰው አሳብ በሁለት ሊከፈል ይችላል። በዓይን የሚታየውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ብቻ የሚይዘው ግዙፍ አሳብ ነው፤ ከሚታየው ነገር የማይታየውን ትርጉም የሚያወጣው ደግሞ ረቂቅ አሳብ ይባላል። ለምሳሌ በጌዴኦ ጓሮ ቡናን፣ እንሰትንና የጥላውን ዛፍ እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ግዙፍ ሲሆን፣ ሦስቱን «ተክል» ብሎ በአንድ ስም መጠቅለል ረቂቅ ነው። በቅኔም ሰሙ እንደ ግዙፉ፣ ወርቁ እንደ ረቂቁ ነው።

በስኪዞፍሬኒያ የሚታመሙ ሰዎች ከግዙፉ ወደ ረቂቁ መሻገር ብዙ ጊዜ ይቸግራቸዋል። ለሕመሙ ይህን ስም በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣለት የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው። አንጎላቸው የቆሰለ ወታደሮችን የመረመረው ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ጎልድስታይን ደግሞ ግዙፍና ረቂቅ አሳብን ለይቶ በሰፊው አጠና።

ሐኪሞች ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ የምሳሌያዊ ንግግር ትርጉም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል፣ «በትዕግሥት ሁሉ ይፈጸማል» ብሎ የሚመልስ ረቂቁን አገኘ፤ «ጫጩቱ ተፈልፍሎ ይራመዳል» ብቻ የሚል ግን በግዙፉ ቆመ። ከነገሩ እጅግ የራቀ ፍች የሚሰጡ ሕሙማንም አሉ።

ይሁን እንጂ ምሳሌ ከቋንቋና ከልማድ ጋር የተያያዘ ነው። አፉን በጌዴኦ ቋንቋ የፈታ ሰው የአማርኛውን ምሳሌ እንደ ቃሉ ቢፈታው፣ አለመልመዱን እንጂ መታመሙን አያስረዳም። ስለዚህ አዋቂ ሐኪም በዚህ ጥያቄ ብቻ አይፈርድም፤ በሽተኛው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱን፣ ከእውነት የራቀ እምነት መያዙን፣ የንግግሩን መዛባትና ሕመሙ የቆየበትን ጊዜ ሁሉ አብሮ ይመረምራል።

ሕመሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቡታጅራ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሰዎች መካከል ከ1,000 ወደ 5 የሚጠጉት በስኪዞፍሬኒያ የታመሙ ሆነው ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም ቀድሞ ሕክምና አላገኙም ነበር።

እንግዲህ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገርን እንደ ቃሉ በሚይዝ ሕመምተኛ አንሣቅ። «ልብህን ሰብስብ» ከምንለው ይልቅ «መድኃኒትህን ከእራት በኋላ ዋጥ» ብንለው ይረዳናል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በዚሁ በዲላም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉና፣ በሽተኛውን ቤት ዘግተን ከማስቀመጥ ይልቅ በጊዜ ወደ ሐኪም እንድናደርሰው አሳስባለሁ።