«ነገ ይምጡ» ይብቃህ!

ካሜራህ ጥሩ ነው። ዓይንህ ጥሩ ነው። ደንበኛም አለህ።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትሯሯጣለህ? የጥር ሠርግ አልበም ፋሲካ አልፎ እንኳ ለምን ኮምፒውተርህ ውስጥ ተኝቷል? ስልክህ ሲጠራስ ለምን ትደነግጣለህ?

መልሱን ልንገርህ። ቀን አልቆረጥክም!

ይህን የምጽፈው ወረኢሉ፣ መካነ ሰላም ወይም አቀስታ ላይ የራስህን ፎቶ ቤት ከፍተህ ለምትሠራው ለአንተ ነው። ለአንቺም ነው፣ እህቴ። ፎቶ አንሺው አንተ፣ ኤዲተሩ አንተ፣ ገንዘብ ተቀባዩም አንተ ነህ። አለቃ የለህም። የሰዓት ፊርማ የሚያስፈርምህ የለም። ትልቅ ነፃነት ነው። ግን ያለ ዲሲፕሊን ይህ ነፃነት ሥራህን ይበላዋል።

እስቲ ይህን አስበው። የሙሽራዋ እናት ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው መጥተዋል። ሻሻቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ አልበሙ ደረሰ?»

ከወንበርህ ብድግ ትላለህ። «እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ነገ ይምጡ።»

«እሺ፣ አላህ ያግዝህ» ብለው ይመለሳሉ።

ነገ ግን አይደርስም። አንተም ታውቀዋለህ! አፍህ ስለለመደው ብቻ ነው ያልከው። የእሳቸው ግማሽ ቀን ባከነ። የአንተ ስም ደግሞ አብሯቸው መንደር ገባ። የሚቀጥለው ሠርግ ሲደገስ «እሱ እንኳ ያጓትታል» የሚባለው ስለ ማን ይመስልሃል?

በ1955 እ.ኤ.አ. ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ አንድ ነገር አስተዋለ። ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ እስኪሞላ ይለጠጣል አለ። ሦስት ወር ከሰጠኸው ሦስት ወር ይፈጃል። አሥር ቀን ከሰጠኸው በአሥር ቀን ያልቃል። ምንም ቀን ካልሰጠኸውስ? መቼም አያልቅም!

ወረኢሉ ላይ ቆመህ ደግሞ ቀን መቁረጥ አቃተኝ ልትል አትችልም።

መስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነገሩ። ለሸዋ ሰው ቀኑንም ቦታውንም ቆረጡለት፦ እስከ ጥቅምት እኩሌታ፣ ወረኢሉ። በየሰው እጅ ስልክ አልነበረም። መኪና አልነበረም። ክረምቱም ገና መውጣቱ ነበር። ሰው ግን ስንቁን ቋጥሮ ከተተ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቃል።

አዋጁ «ሲመቻችሁ ኑ» ቢል ኖሮስ?

ቀን የተቆረጠለት ሥራ እግር ያወጣል። አንተም ቁረጥ! እንዴት? እነሆ።

አንደኛ፦ ቀኑን ጻፈው።

ቀብድ ስትቀበል ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር አስፍር፦ የሥራውን ዓይነት፣ ቀሪውን ክፍያ፣ የምታስረክብበትን ቀን። አንዱን ቅጂ ለደንበኛው ስጥ፣ ሌላውን ግድግዳህ ላይ ለጥፍ። በአፍ የተነገረ ቀን ይረሳል። የተጻፈ ቀን ግን በየቀኑ ዓይን ዓይንህን ያይሃል።

ሥራው አሥር ቀን ይበቃዋል? አሥራ አምስት በል። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ለህትመት ወደ ደሴ የላክኸው አልበም መንገድ ላይ ሊዘገይ ይችላል። አሥራ አምስት ብለህ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስታስረክብ ምን ይሆናል? ደንበኛህ ራሱ ማስታወቂያ ይሆንልሃል!

ሁለተኛ፦ መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ አሳምር።

አንድ ሠርግ ላይ 1,500 ፎቶ አነሳህ እንበል። እያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ ብትቆይ 25 ሰዓት ሄደ። 25 ሰዓት!

አሁን በሌላ መንገድ ሞክረው። እያንዳንዱን ፎቶ ሦስት ሰከንድ ብቻ እያየህ ምረጥ። ዓይን የጨፈነ ይውጣ። የደበዘዘ ይውጣ። አንድ ዓይነት ከሆኑት አንዱ ይቅር። ይህ 75 ደቂቃ ይወስድብሃል። ከዚያ ለአልበሙ በቀሩት 150 ፎቶዎች ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሥራ። አምስት ሰዓት ነው። ሁሉም ሲደመር ስድስት ሰዓት ከሩብ።

የካሜራ ለውጥ የለም። የኮምፒውተር ለውጥ የለም። ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀየረ፣ ከ18 ሰዓት በላይ ተረፈህ። በዚያ ጊዜ ምን ልትሠራ ትችላለህ?

ሦስተኛ፦ ጠዋቱን ለራስህ ያዝ።

ቀን ላይ ኤዲት ልሥራ ስትል ምን ይገጥምሃል? ተማሪው ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። ሌላው መታወቂያ ያሳድሳል። አንዱ ፎቶ ኮፒ ይላል። ልታባርራቸው አትችልም፣ ማባረርም የለብህም። ብዙዎቹ ረጅም መንገድ ተጉዘው የመጡ ናቸው። የዕለት ገቢህም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አትጋጭ። ለይ!

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል በሩ ዝግ፣ ስልኩ ድምፅ አልባ ይሁን። ይህ የኤዲቲንግ ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ! ያ የሠርግ አልበም በአራት ጠዋት ያልቃል። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ በሩን ክፈት፣ ለሰው ሁሉ ሙሉ ሰው ሁን። የገበያ ቀን ደግሞ ኤዲቲንግን ጨርሶ እርሳው። ያ ቀን የጉርድ ፎቶ ቀን ነው።

የውጭ ፎቶስ? ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ቀጥር። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ። ስቶክሆልም ያለ ባልደረባህ በሰኔ ጀምበር እስክትጠልቅ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይጠብቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቅበታለች። የአንተ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው የምትሰናበተው። ፀሐይዋ ቀጠሮ ታከብራለች። አንተስ?

አራተኛ፦ ዓመቱን ቀድመህ እየው።

ብዙ ፎቶ አንሺ የሠርግ ሰሞን እንደ ድንገተኛ ዝናብ ይወርድበታል። ለምን? ጥር መምጣቱ ምስጢር ነው እንዴ?

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ በሠርግ ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት የክርስቲያኑ ሠርግ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይሞቃል። ረመዳን ሲገባ የሙስሊሙ ኒካህ ይቀዘቅዛል፣ ከዒድ በኋላ ይነሳል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በተራቸው ጋውን ለብሰው ፊትህ ይቆማሉ።

ስለዚህ ወሎ ውስጥ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ የኢትዮጵያንና የሂጅራን፣ ጎን ለጎን ይሰቅላል። በሁለቱም ላይ የሥራ ሰሞኑን በቀይ፣ የዕረፍት ሰሞኑን በአረንጓዴ አቅልም። በቀዩ አንሳ። በአረንጓዴው አስረክብ፣ አዲስ ነገር ተማር፣ መሣሪያህን አስጠግን። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤትህ አይደል? ሄደህ ጭላዳውን አንሳ፣ ከቀናህም ቀይ ቀበሮውን። ፖርትፎሊዮህ ያድጋል!

አምስተኛ፦ ሥራህን ጠብቅ።

የጠፋ ሠርግ ድጋሚ አይነሳም። ከዚህ የከፋ የጊዜ ኪሳራ የለም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከፎቶ ቤቱ ውጭ። ከሠርግ ስትመለስ ደክሞሃል፣ ገባኝ። ቢሆንም ካርዱን ሳትገለብጥ አትተኛ! ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እስከ ደርግ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የሠሩት ሸመልስ ደስታ ኔጌቲቮቻቸውን ጠብቀው ስላቆዩ፣ ዛሬ ያንን ዘመን በዓይናችን እናየዋለን። አንተም የአንድ አገር ሰው ትዝታ በእጅህ ነው።

«መብራት ይጠፋል እኮ» ልትለኝ ነው?

አዎ፣ ይጠፋል። አንተ ግን አብረህ አትጥፋ! መብራት የማይፈልጉ ሥራዎችን ዝርዝር አዘጋጅ። ፎቶ አልበም ውስጥ ማስገባት። ሌንስ ማጽዳት። የወሩን ሒሳብ መጻፍ። ለደንበኞች መደወል። መብራት ሲሄድ ዝርዝሩን አንሳ። ሲመጣ ደግሞ ሞባይልህን አስቀምጥና ወደ ኮምፒውተሩ ሂድ።

ወዳጄ፣ ሰዓት አክባሪ ሆኖ የተወለደ ሰው የለም። ሰዓት ማክበር ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በመደጋገም ይመጣል። ዛሬ የወሰነ ነገ ይለመልማል!

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተርህን አውጣ። ያላስረከብካቸውን ሥራዎች በሙሉ ጻፍ። አንድም አትደብቅ። በእያንዳንዱ ፊት ልትፈጽመው የምትችለውን ቀን አስቀምጥ። ከዚያ ስልክህን አንሳና በጣም ለዘገየህበት ሰው መጀመሪያ ደውል። አትፈር። ይቅርታ ጠይቅና ቀኑን ንገረው።

ያንን አንድ ቀን አክብር። አንዱን ያከበረ ሁለተኛውን ለማክበር አይቸገርም። በሚቀጥለው ጥር ሰው ስምህን የሚያነሳው «በቀኑ የሚያደርስ» እያለ ይሆናል።

ደብተሩ የት አለ? ተነስ፣ ጀምር!