የባሕር ዳር ምግብ ቤቶችና የእኛ እጅ

1. ከግድግዳው ላይ ያነበብነው

ቅዳሜ ገበያ ነው። ሽንኩርታችንን ሸጠን፣ ጨውና ሳሙና ገዝተን ጨረስን። ረሃቡ ሞርሙሮናል። ድሮ ቢሆን ከቤት የያዝነውን ዳቦ ቆሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንቆረጥም ነበር። ያን ቀን ግን «እስቲ እኛም እንደ ከተማው ሰው እንብላ» ተባባልንና ከጣና ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት አራት ሆነን ገባን።

ከግድግዳው ላይ የምግብ ዝርዝር ተጽፎ ተሰቅሏል። ፊደል ሳንቆጥር እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለእኛ የግድግዳ ጌጥ ነበር። አሁን ግን ፊደሉን ከፊደል እያያዝን አነበብነው። ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ፣ የአቮካዶ ጭማቂ ይላል። በየምግቡ አንጻር ዋጋው ሰፍሯል።

ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ምግብ ከወዴት መጣ? አባቶቻችን እዚህ ከተማ ሲመጡ ምን ይበሉ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ትምህርት መልሱን አብረን እንፈልጋለን።

2. ድሮ መንገደኛ የት ይበላ ነበር?

ድሮ መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ የመንገድ ምግቦች ናቸው። ቶሎ አይበላሹም፤ ለመሸከምም አይከብዱም። ስንቁ ያለቀበት ሰው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጃፍ ይቆማል። ባለቤቱም ከቤቱ ያለውን ያቀርብለታል። እንግዳን አብልቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። በገንዘብ የሚሸጠው ጠላና ጠጅ ነው። ጠላ ቤቶችን ያቋቋሙትም እናቶቻችን ናቸው። ዛሬ የምናያቸው ብዙ ምግብ ቤቶች መነሻቸው የእነዚያ ሴቶች ጓዳ ነው።

ባሕር ዳርም ያኔ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ሰፈሩባት። ፓስታና ማካሮኒም በዚያ ዘመን በአገራችን ከተሞች ተስፋፉ። ጉላሽ የሚለው ቃል ደግሞ ከሩቅ፣ ከሃንጋሪ አገር የመጣ ነው። በዚያ አገር የከብት እረኞች ወጥ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የጣና ዓሣ ገባበት፤ በርበሬ ተጨመረበት፤ በእንጀራ ተበላ።

በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በጦርነት ካሣ በከፈለችው ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ገበሬ እርሻ ላይ ሲውል ምሳው ከቤት ይመጣለታል። የፋብሪካ ሠራተኛ ግን በሰዓት ይገባል፤ በሰዓት ይወጣል። ቤቱ ሩቅ ከሆነ ምሳውን ከሥራው አጠገብ መግዛት አለበት። ተማሪውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በከተማው ምግብ መሸጥ ነውር መሆኑ ቀረና ሥራ ሆነ።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ዳር የአማራ ክልል መቀመጫ ሆነች። በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ኮሌጆች ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የቢሮ ሠራተኛው በዛ፤ ተማሪው በዛ፤ ገዳማቱንና የዓባይን ፏፏቴ ሊያይ የሚመጣውም በዛ። ከሐይቁ ዳር ለረጅም ዘመን እንግዳ ሲቀበሉ በኖሩት በጊዮንና በጣና ሆቴሎች ላይ ሌሎች ብዙ ተጨመሩ። ቁርስ ቤት፣ ጭማቂ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ፒዛ ቤት በየመንገዱ ተከፈተ። ሕዝቡም መኝታ ያለውንም የሌለውንም «ሆቴል» እያለ ይጠራል።

ይህ እድገት ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሄደ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን አራቀው። እንግዳ ሲቀር ባለሆቴሉ ብቻ አይጎዳም። ጀልባ ነጂው፣ አስተናጋጇ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ሽንኩርት ሻጩ ሁሉ አብሮ ይጎዳል።

3. በሳህኑ ላይ የማን እጅ አለ?

ያዘዝነው ምግብ ቀረበ። እንጀራውን ቆርሰን ስናየው ነጣ ያለ ነው። በጤፉ ላይ ሩዝ ተቀላቅሎበታል። ሩዝ በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ዝናብ ሲበዛ ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት ዛሬ ሩዝ ያበቅላል። የፎገራ ገበሬ በበጋ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ያለማል። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ከዚያ ድንችና ሽንኩርት ይመጣል። ድሮ የማናውቀው አቮካዶም እዚያ ይለማል። ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ቡናም ከዘጌ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የከተማው ሰው አዲስ ነገር መብላት ሲጀምር ገበሬውም አዲስ ነገር መዝራት ይጀምራል። ከተማው የሚበላውን የሚያውቅ ገበሬ ምን እንደሚዘራ ያውቃል።

ዓሣውስ? ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ቆሮሶ ነው። ሰፋ ያለ፣ ቅርፊትና በጀርባው እሾህ ያለው ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው። ራሱ ትልቅ፣ አፉ ላይ ጢም ያለው ነው። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ እኛ በአንድ ስም እንጥራው እንጂ ሊቃውንቱ 15 ያህል ዓይነት ቆጥረውበታል። ከእነዚህ ዓይነቶች አብዛኞቹ ከጣናና ወደ ጣና ከሚፈሱት ወንዞች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም።

ድሮ ደንገል ቆርጠው፣ ታንኳ ሠርተው ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት በተለይ የወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ሐይቁን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ግን በሥራቸው እየተጠቀምን እነርሱን እናገል ነበር። ይህ ስሕተታችን ነው። ዛሬ ሰው ተሰልፎ የሚበላውን ዓሣ ለዚህ ገበያ ያስተዋወቁት እነርሱ ናቸው።

4. ሦስት ኪሎ አንድ ኪሎ ሲሆን

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሙሉ ቆሮሶ ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይቀረዋል። ስለዚህ ከ12 ኪሎ ሙሉ ዓሣ 4 ኪሎ ያህል ሥጋ ይገኛል። ለአንድ ሰው ጉላሽ 250 ግራም ሥጋ ይግባ እንበል። አንድ ኪሎ ለ4 ሰው ይበቃል። 4 ኪሎው ለ16 ሰው ይበቃል ማለት ነው።

አስጋሪው ሙሉውን ዓሣ በኪሎ 150 ብር ሸጠ እንበል። 12 ኪሎው 1,800 ብር አወጣ። ምግብ ቤቱ አንዱን ሳህን 300 ብር ቢሸጥ ከ16 ሳህን 4,800 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 3,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ ትርፍ ነው ወይ? አይደለም። ዘይት አለ፤ እንጀራ አለ፤ ከሰል ወይም መብራት አለ፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ግብር አለ። ቢሆንም ይህን ሒሳብ የማያውቅ አስጋሪ ደህና አድርጎ መደራደር አይችልም። አስጋሪዎች በማኅበር ሆነው ዓሣውን ራሳቸው ገፈው፣ በበረዶ ይዘው ንጹሕ ሥጋውን ቢሸጡ ከልዩነቱ የተወሰነው ለእነርሱ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ዓሣ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ ነው። ስንጥቡ ቀይ ነው። በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ ይነሣል። ጥሬውን መብላት ግን ጥሩ አይደለም። ሰውን የሚያሳምሙ ትላትሎች ሊኖሩበት ይችላሉና በደንብ ይብሰል።

5. ዘር አይበላም

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይመጣል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በጣና ላይ የሚሰገረው በታንኳና በአጭር መረብ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ሥራ ጀመሩ። ዓሣው በብዛት ወጣ። ለባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ተርፎ ወደ አዲስ አበባም ተጫነ። በተለይ በጾም ወራት ፈላጊው ብዙ ነው።

ታዲያ ነጭ ዓሣ አንድ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ዓይነቶች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዙ ጠጠር ላይ ነው። ሲጓዙ በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አስጋሪውም ይህን ያውቃል። መረቡን እዚያው ይዘረጋል። በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን የያዘው ገና ያልወለደውን ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲለኩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል መቀነሱን አገኙ። ቆሮሶም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። እንስቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትታቀፋለች። ልጆቿም ሲደነግጡ ተመልሰው ካፏ ይገባሉ። እርሷ በዚያ ሰዓት ከተያዘች ከነልጆቿ ጠፋች ማለት ነው።

መረብ ብቻም አይደለም ጥፋቱ። ዓሣ የሚራባበትን የደንገል ረግረግ አርሰን እህል የዘራነው እኛው ነን። በበጋ ወንዙን በሞተር ስበን የምናደርቀውም እኛው ነን። ከከተማው የሚወጣው ቆሻሻ ውኃም ወደ ሐይቁ ይገባል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ዳር ይዟል።

ገበሬ የቱንም ያህል ቢርበው የዘር እህሉን አይበላም። የዘሩን ከበላ የከርሞውን እንደበላ ያውቃል። እንቁላል የያዘ ዓሣም የሐይቁ ዘር ነው። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብትን የሚጠብቅ የፌዴራል አዋጅ ወጥቷል። ሆኖም ሌሊት በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋውን ሰው አዋጅ ብቻውን አያስቆመውም። ሊያስቆመው የሚችለው በወንዙ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። ምግብ ቤቱም በክረምት እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ አልገዛም ካለ፣ በላተኛውም አልበላም ካለ መረቡ ገበያ ያጣል።

6. ሒሳቡ ሲመጣ

በልተን ጨረስንና ሒሳብ ጠየቅን። አስተናጋጇ ወረቀት አመጣችልን። ድሮ ቢሆን «ስንት ነው?» ብለን የተባልነውን እንከፍል ነበር። ያን ቀን ግን አነበብነው። የበላነው ሁለት ጥብስ፣ አንድ ጉላሽ፣ አንድ ሽሮ ነው። ወረቀቱ ግን «ጉላሽ 2» ይላል። «እኅታችን፣ ጉላሽ አንድ ነው የበላነው» አልናት። አየችው፤ አፍራ «ይቅርታ፣ የሌላ ገበታ ተቀላቅሎብኝ ነው» አለችና አስተካከለች። ስሕተት ለማንም ይደርሳል። ካላነበብነው ግን ስሕተቱ በእኛ ኪስ ይቀር ነበር።

በአንዳንድ ምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ «ተ.እ.ታ.» ወይም «ቫት» የሚል ይኖራል። ይህ ከመቶ 15 የሚከፈል ግብር ነው። የምግቡ ዋጋ 400 ብር ከሆነ ግብሩ 60 ብር ነው። በጠቅላላው 460 ብር ይከፈላል። ይህን የተከፈለ ሁሉ ደረሰኙን መቀበል መብቱ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ያወራነው ስለ ጥብሱ ጣዕም አልነበረም። ከመካከላችን የጉማራ ሰው ነበር። «በመጪው ሐምሌ ከወንዛችን አፍ መረብ የሚዘረጋ ቢኖር ምን እናድርግ?» አለ። ለሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ይህንኑ ጉዳይ ልናነሣ ተስማማን። እናንተስ?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በከተማ ምግብ መሸጥ ሥራ የሆነው በምን ምክንያት ነው?
2. በአካባቢያችሁ ካለው ከተማ ምግብ ቤቶች የሚፈልጉት፣ እናንተ ግን የማትዘሩት ምን አለ?
3. 30 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ ተገፎ ስንት ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣዋል? ስንት ሰው ያበላል?
4. ነጭ ዓሣ በክረምት በወንዝ አፍ መሰገሩ ለምን ይጎዳል?
5. የምግቡ ዋጋ 600 ብር ቢሆን ቫቱ ስንት ነው? ጠቅላላውስ?