በጥሪ የሚመጣ አውቶቡስና የአጎራባች ከተሞች የማኅበር ሒሳብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል የአገር ተረት። በሽርክና የነገደ ሰው ሁሉ የዚህን ቃል እውነተኛነት ያውቃል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ባለድርሻ ስንት ሎሚ እንደሚደርሰው፣ አንዱ በደከመ ጊዜም የርሱን ድርሻ ማን እንደሚሸከምለት አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ጌጥ የነበረው ተመልሶ ሸክም ይሆናል። በጥሪ የሚመጣ የሕዝብ አውቶቡስ ለማሠራት የተባበሩት የፊንላንድ ከተሞች ታሪክ ስለዚህ ነገር መልካም ትምህርት ይሰጣል።

የአሠራሩ ዐይነት

ተራው አውቶቡስ መስመሩና ሰዓቱ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ተሳፋሪ ቢኖርም ባይኖርም ይሄዳል። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ደግሞ መስመሩን ይዞ በመነሻው ላይ እስኪሞላ ይጠብቃል። በጥሪ የሚመጣው አውቶቡስ ከሁለቱም የተለየ ነው። ተሳፋሪው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በእጅ ስልኩ ያስታውቃል፤ ኮምፒዩተሩም በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን ሰዎች ጥሪ አሰባስቦ ለአንድ ትንሽ አውቶቡስ ይመድባል፤ ነጂው በታዘዘው መንገድ አንዱን እያነሣ ሌላውን እያወረደ ይጓዛል።

አጎራባች ከተሞች በዚህ ሥራ የሚተባበሩበት ምክንያት ለነጋዴ ግልጽ ነው። ሰው በአንዱ ከተማ ያድራል፣ በሁለተኛው ይሠራል፣ በሦስተኛው ይገበያያል። ደንበኛ የማዘጋጃ ቤትን ወሰን አያውቅም። አውቶቡሱ ከወሰኑ ላይ የሚመለስ ከሆነ፣ ከወሰኑ ማዶ ያለው ሱቅ ገበያተኛውን፣ ከወሰኑ ወዲህ ያለው መሥሪያ ቤትም ሠራተኛውን ያጣል።

የሄልሲንኪና የጎረቤቶቿ ሙከራ

በፊንላንድ አገር ሄልሲንኪ፣ ኤስፖ፣ ቫንታ፣ ካውኒያይነንና ሌሎች አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች የሕዝብ ማመላለሻቸውን የሚመራ አንድ የጋራ ባለሥልጣን አላቸው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን የጀመረ ነው። ይህ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኩትሱፕሉስ» የተባለውን አገልግሎት በሙከራ ጀመረ፤ «ኩትሱ» ማለት በፊንላንድ ቋንቋ ጥሪ ማለት ነው። የኮምፒዩተሩ ሥርዐት የተገኘው ከአልቶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነበር።

በመጀመሪያ የተሰማሩት 10 ሚኒባሶች ሲሆኑ ኋላ 15 ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው 9 መቀመጫ ነበራቸው። ተሳፋሪው የሚሳፈረው ቀድሞ ከነበሩት የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ ነው። በአንድ ወቅት የተወሰነው ዋጋ 3.50 ዩሮ መነሻ ሆኖ፣ በየኪሎ ሜትሩ 0.45 ዩሮ ይጨመርበት ነበር። ይህም ከተራው አውቶቡስ ከፍ፣ ከታክሲ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ሕዝቡ ነገሩን ወደደው፤ የተሳፋሪውም ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት አደገ። ይህም ሆኖ ከተሳፋሪው የሚገባው ገንዘብ ወጪውን ከቶ አልሸፈነም፤ የጎደለውን የሞላው የከተሞቹ ድጎማ ነበር። ባለሥልጣኑ አውቶቡሶቹን ከ15 ወደ ብዙ ዐሥሮች፣ ከዚያም ወደ መቶዎች ለማድረስ አስቦ ነበር። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤቶቹ ገንዘብ በጠበበበት ዘመን ለዚህ የሚበቃ በጀት አልተገኘም። ስለዚህ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተዘጋ። የጉዞ ልማዱን በዚህ አገልግሎት ላይ የመሠረተ ተሳፋሪ ሁሉ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተገደደ።

ገበያ እያለው ስለ ምን ከሰረ?

ነገሩ በምሳሌ ይታያል። አንድ ሚኒባስ ከነነጂው፣ ከነነዳጁና ከነጥገናው በሰዓት 900 ብር ያስወጣል እንበል። በሰዓት 3 ሰው ቢያጓጕዝ የአንዱ ሰው ወጪ 300 ብር፣ 9 ሰው ቢያጓጕዝ ግን 100 ብር ይሆናል። የነጂው ደመወዝና የሚኒባሱ እርጅና የተሳፋሪውን ቍጥር አይጠይቁም።

አውቶቡሶቹ ጥቂት፣ የሚሠሩበት አገር ግን ሰፊ ሲሆን፣ የጠራውን ሰው ለማንሣት ሩቅ መንገድ ባዶ መሄድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜና በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሰዎችም እምብዛም አይገጣጠሙም። አውቶቡሱና ተሳፋሪው አብረው ሲበዙ ግን የባዶው ጉዞ ያጥራል፤ መቀመጫውም ይሞላል። ስለዚህ የሄልሲንኪው አገልግሎት እንደ አዲስ ፋብሪካ ነበር፤ ምርቱ ገና ወጪውን ወደሚችልበት መጠን ሳይደርስ ካፒታሉ ቆመ።

በካናዳ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ያለችው ኢኒስፊል ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች። አንድ አውቶቡስ ለማሠራት በዓመት 270,000 የካናዳ ዶላር፣ ሁለት ለማሠራት 610,000 እንደሚያስፈልግ ስለ ተገመተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኡበር ኩባንያ ጋር ተዋውላ የተሳፋሪውን ዋጋ በከፊል መክፈል ጀመረች። አውቶቡስ ስላልገዛች መነሻ ወጪዋ ቀላል ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጉዞ የከተማዪቱን ካዝና ስለሚነካ፣ ተሳፋሪው በበዛ ቍጥር ወጪው አብሮ ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ600,000 ዶላር በላይ ደረሰ። በ2019 በተሳፋሪው ዋጋ ላይ 1 ዶላር ተጨመረ፤ አንድ ሰው በድጎማ የሚሄደውም በወር 30 ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሄልሲንኪ ተሳፋሪው ባለመብቃቱ ስትጎዳ፣ ኢኒስፊል ተሳፋሪው በመብዛቱ ተጨነቀች። የሁለቱም ችግር ምንጭ ግን የወጪው ጠባይ ነው።

ከውሉ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

1ኛ/ ድርሻው በምን ይለካል? በሕዝብ ቍጥር ከሆነ ትልቁ ከተማ፣ በጉዞ ቍጥር ከሆነ ብዙ ተሳፋሪ ያለው ከተማ ይበልጥ ይከፍላል። ከአንዱ ከተማ ተነሥቶ በሌላው የሚያበቃ ጉዞ በማን ሒሳብ እንደሚጻፍም መወሰን አለበት።

2ኛ/ ድጎማው እስከ መቼና እስከ ስንት ነው? በየዓመቱ የሚለመን በጀት የብዙ ዓመት ሥራ አያቆምም።

3ኛ/ አገልግሎቱ ወጪውን ሊቀንስ የሚችለው ስንት አውቶቡስ ሲሰማራና በሰዓት ስንት ሰው ሲሳፈር ነው? ወደዚያ መጠን ለመድረስ ገንዘብ የሌለው ማኅበር፣ ሰፊ አገር ከመያዝ ይልቅ በጠባብ ሠፈር ቢጀምር ይሻለዋል።

4ኛ/ አንዱ ከተማ ከማኅበሩ ቢወጣ የቀሩት ምን ያደርጋሉ? ለሕዝቡስ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል?

ባለሱቅም ሆነ አስመጪ ወይም ላኪ በዚህ ነገር ተመልካች ብቻ አይደለም። አውቶቡሱ ደንበኛውን ከደጁ ያደርስለታል፤ የመጋዘን ሠራተኛውንም ከመሸ በኋላ ወደ ቤቱ ይመልስለታል። የሚጎድለውን ገንዘብ የሚሞላው ግን ከርሱም የሚሰበሰበው ግብር ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ ሲታቀድ ንግድ ምክር ቤት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ አውቶቡሱ ውበት ሳይሆን ስለ ሦስተኛው ዓመት በጀት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ በደስታ ይዋጣል፤ ማኅበር የሚፈተነው ግን ደስታው ካለፈ በኋላ በሚመጣው ሒሳብ ነው።