ተንሳፋፊ ማብሪያና ማጥፊያ፦ የውሃ ማጠራቀሚያ ጠባቂ

እንደሚታወቀው በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎችና በሰፈራ ጣቢያዎች ውሃ የሚገኘው በብዙ ድካምና ወጪ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ልፋት የተገኘው ውሃ በአንድ ሰዓት ቸልተኝነት ሊባክን ይችላል። በሴኮንድ 2 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ማጠራቀሚያው ከሞላ በኋላ ለአንድ ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ 7,200 ሊትር ውሃ መሬት ላይ ይፈሳል። በእርዳታ ሥራ እንደ ዝቅተኛ መመዘኛ በተያዘው መጠን፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ሲታሰብ፣ ይህ የ480 ሰዎች የአንድ ቀን ድርሻ ነው።

ይህን ብክነት ለመከላከል የሚያገለግለው መሣሪያ ተንሳፋፊ ማብሪያና ማጥፊያ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አየር የያዘና ዙሪያው የተደፈነ የፕላስቲክ ዕቃ በኤሌክትሪክ ገመድ ተይዞ በማጠራቀሚያው ውስጥ ይንጠለጠላል። ውሃው ሲጎድል ቁልቁል ይዘቀዘቃል፤ ሲሞላ ተንሳፍፎ ወደ ላይ ቀና ይላል። በውስጡ ያለችው የብረት ኳስም በዚያው መሠረት እየተንከባለለች የኤሌክትሪኩን መሥመር ታገናኛለች ወይም ታቋርጣለች።

ገመዱ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ተንሳፋፊው ድረስ ያለው ርዝመት በጥንቃቄ መወሰን አለበት። ርዝመቱ ባነሰ ቁጥር ሞተሩ የሚነሣበትና የሚቆምበት የውሃ ከፍታ ይቀራረባል፤ ሞተሩም ቶሎ ቶሎ እየተነሣና እየቆመ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። የትልቅ ሞተር ኃይልም በቀጥታ በተንሳፋፊው በኩል ማለፍ የለበትም፤ ተንሳፋፊው ትእዛዝ ይሰጣል፣ ዋናውን ኃይል ኮንታክተር ያስተላልፋል።

መሣሪያው በማጠራቀሚያና በጉድጓድ የሚሰጠው አገልግሎት ተቃራኒ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በማጠራቀሚያ ውስጥ ውሃው ሲሞላ ፓምፑን ያቆማል፤ በእጅ በተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው ሲጎድል ያቆመዋል። በድርቅ ወራት የጉድጓዱ ውሃ ሲሸሽ ፓምፑ በደረቁ ሠርቶ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ይኸው ነው። በጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተንሳፋፊው እንደልብ ስለማይንቀሳቀስ በኤሌክትሮድ ይተካል።

ጠባቂውም ራሱ ጠባቂ ይሻል። ገመዱ ከመሰላል ጋር ቢጠላለፍ ወይም ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ውሃ ቢገባበትና ቢሰምጥ፣ ማጠራቀሚያው ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ ፓምፑ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የጣቢያው ኃላፊ በየሳምንቱ፣ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ፣ ተንሳፋፊው በደረቅ እንጨት ከፍ ተደርጎ ሞተሩ መቆሙን እንዲያረጋግጥ ያስፈልጋል። ለጥገና ግን አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ አለበት። ቁጥጥሩ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ቤተሰብ የዕለት ውሃ ነው።