የሴቶች እግር ኳስና የአካል ብቃት፦ አሥር ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ አይደለም

በማለዳ ዊንጌት ላይ ከታክሲ ወርዶ ወደ ግቢያችን የሚገባ ሰው፣ ሴቶች ተማሪዎቻችን በሜዳው ዙሪያ ሲሮጡ ማየቱ አይቀርም። አሥር ዙር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት። አሠልጣኛቸው ዳር ቆሞ ይቆጥራል። ዙሩ ሲያልቅ ትንሽ ይፍታታሉ፣ ኳስ ይቀባበላሉ፣ ከዚያ ወደ ቁርስ። የግጥሚያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ከተመልካቹ መሀል «አይ፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ላይ ጉልበታቸው ቄጠማ ሆነ እኮ፤ ምን ይደረግ፣ ሴቶች ናቸው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ አባባል እውነት ነው ወይ? ነገ በየትምህርት ቤቱ ተበትነን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የምናስተምር እጩ መምህራን ስለሆንን፣ ጥያቄውን ሳንመረምር ብናልፈው ስሕተቱን ይዘን ወደ ክፍል መግባታችን ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው እንነሣ። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ጨርሳ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች። በከፍተኛ ደረጃ የምትጫወት አንዲት የእግር ኳስ ተጫዋችም በ90 ደቂቃ ውስጥ የምትሸፍነው ርቀት ይኸው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አንድ ዓይነት፣ ጊዜው ግን ሦስት እጥፍ ያህል። ታዲያ ኳስ ተጫዋቿን ምን ያደክማታል? ይባል ይሆናል። ነገሩ የሚገባን ሩጫውን ስንበታትነው ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ፣ የመጨረሻውን ዙር ትተን፣ ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ ፍጥነት ትሄዳለች። ኳስ ተጫዋቿ ግን ትቆማለች፣ ትራመዳለች፣ ሶምሶማ ትላለች፣ ድንገት ትፈተለካለች፣ በአንድ እግሯ ተተክላ ትዞራለች፣ ዘልላ በግንባሯ ትመታለች፤ ትንፋሿ ሳይመለስ እንደገና ትፈተለካለች። መቼ እንደምትፈተለክ የምትወስነውም እሷ ሳትሆን ኳሷ ናት።

ክሩስትሩፕ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ በሀገሩ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወቱ 14 ሴቶችን በግጥሚያ ላይ ለክቷል። በአማካይ 10.3 ኪሎ ሜትር ሸፍነዋል፤ ከዚህ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሮጡት ግን 1.31 ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው። ልባቸው በአማካይ በደቂቃ 167 ጊዜ ይመታ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞር የተባለው ተመራማሪ በዓለም ደረጃ የታወቁትን ተጫዋቾች ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ከሚሉት ጋር አነጻጸረ። ጠቅላላው ርቀት አልተለየም፤ ሁለቱም ወገኖች 10 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው የሸፈኑት። በከፍተኛ ፍጥነት የተሮጠው ሲታይ ግን የበላዮቹ 1.68፣ የበታቾቹ 1.30 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 28 ከመቶ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጎበዟን ከመካከለኛዋ የሚለያት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች የሚለው ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ተፈትልካ ስንት ጊዜ ቶሎ አገገመች የሚለው ነው ማለት ነው። የሜዳው ዙር ይህንን አይለካም፤ ብቻውንም አያሠለጥንም።

እዚህ ላይ «ዙሩን እንተወው እንዴ?» የሚል ይኖራል። አንተወውም። ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ ሲፈተለክ ኦክስጂን እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ በጓዳው ያስቀመጠውን ኃይል ያወጣል። ክሪያቲን ፎስፌት የሚባለው ንጥረ ነገር ዋናው ነው። ይህ ስንቅ ወዲያው ያልቃል። መልሶ የሚሞላው በእረፍቷ ጊዜ በሚደርሰው ኦክስጂን ነው። ስለዚህ ልብና ሳንባዋ የጠነከረ ልጅ ብድሯን ቶሎ ትከፍላለች፤ ለሚቀጥለውም ሩጫ ቶሎ ትደርሳለች። ረጅሙ ሩጫ መሠረቱን ይጥላል። እኛ ግን መሠረት ጥለን ቤት ሠራን እንላለን።

ከዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወደዚህ ተቋም ከመምጣቴ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር የሴቶች ቡድን እንዳቋቁም ታዘዝሁ። ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን የ12 ደቂቃ ሩጫ ይዤ ልጆቹን አሮጥኋቸውና በርቀታቸው ቅደም ተከተል መዘገብኋቸው። ከመጨረሻ ሁለተኛ የወጣችውን አንዲት ቀጭን ልጅ «ትንፋሽ የለሽም» ብዬ አስቀረኋት። ምንም አልመለሰችም፤ ጫማዋን ፈትታ ሄደች። ከሳምንታት በኋላ በእረፍት ሰዓት ከወንዶች ጋር በጠባቧ ሜዳ ስትጫወት ከመስኮት አየኋት። ሃያ ሜትር ትፈተለክና ኳሷን ትነጥቃለች፣ ሁለት እርምጃ ተራምዳ እንደገና ትፈተለካለች። ወንዶቹ ወገባቸውን ይዘው ቆመው እሷ ገና ነበረች። ተመለሺ ብዬ ላክሁባት፤ «እርስዎ ትንፋሽ የለሽም ብለውኛል እኮ» የሚል መልስ ደረሰኝ። አልተመለሰችም። መለኪያው ለሌላ ነገር የተሠራ ነበር፤ እኔ ደግሞ መለኪያውን አመንሁ።

ለኳስ የተሠራው መለኪያ ዮ-ዮ ይባላል። ያወጣው ባንግስቦ የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። አሠራሩ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። 20 ሜትር ይለካና በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ከመነሻው ኋላ 5 ሜትር ላይ ሌላ ድንጋይ። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ 20 ሜትር ሄዳ ትመለሳለች፤ ከዚያ በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ኋላኛው ድንጋይ በሶምሶማ ደርሳ ተመልሳ ለሚቀጥለው ድምፅ ትዘጋጃለች። የመጀመሪያው ምልልስ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለሆነ 14 ሰከንድ ያህል ይፈቅዳል። ሁለተኛው 12 ሰከንድ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው 11 ገደማ። ከዚያ በኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከድምፁ የዘገየች ትቆማለች፤ የሮጠችው ርቀት ይመዘገባል። ድምፁ በእጅ ስልክ ስለሚገኝ በፊሽካና በሰዓት መንገላታት የለም። በዚያ በ2005ቱ ጥናት ዴንማርካውያኑ በአማካይ 1,379 ሜትር ደርሰዋል፤ ዝቅተኛዋ 600፣ ከፍተኛዋ 1,960። በዚህ ፈተና ብዙ የሄደችዋ በግጥሚያውም ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ብዙ የምትሮጠዋ ሆና ተገኝታለች።

ነገር ግን የዴንማርክን ቁጥር አምጥተን ልጆቻችንን አንመዝንበት። ዴንማርክ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይልም፤ እኛ እንጦጦ ሥር ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጂን ያንሳል፤ ያው ልጅ እዚህ የምታስመዘግበው ርቀት ሐዋሳ ወርዳ ከምታስመዘግበው ሊያንስ ይችላል። እያንዳንዷን ከትናንትናዋ ራሷ ጋር ማወዳደሩ ይሻላል። ከፍታው በሁለት ወገን የተሳለ ቢላዋ ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሴቶች ክለቦች በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ሲጋጠሙ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። ከቆላና ከባሕር ዳርቻ ለመጡት እንግዶች አየሩ ቀላል አልነበረም። የአህጉሩ ውድድር ግን ሞሮኮ፣ ባሕሩ አጠገብ ነበር። እዚያ ትንፋሽ እንደልብ ስለሆነ ጨዋታው ይፈጥናል፤ በከፍታ ላይ ቀስ ብሎ መሮጥን ብቻ የለመደ እግር ለዚያ ፍጥነት እንግዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. መግቢያ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጡት ሉሲዎቻችን ሴት መሆን እንቅፋት እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ታዲያ ምን እንሥራ? በሳምንት ሁለት ቀን ዙሩን በግማሽ ቀንሰን፣ 4 ለ 4 በጠባብ ሜዳ እናጫውታቸው፦ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 3 ደቂቃ እረፍት፣ 4 ጊዜ። እንደቆሙ በ15 ሰከንድ ውስጥ የልብ ምታቸውን ይቁጠሩና በ4 ያባዙት፤ ለሒሳብ ትምህርትም ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ማሟሟቂያው አይዘለል። በጉልበት ውስጥ ያለው የመስቀል ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል። ፊፋ «አሥራ አንድ ፕላስ» ብሎ ያወጣው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በግልጽ ቀንሷል። ዘልሎ ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ማስተማር ዋና ነገሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወንዶች አሠልጣኞች ስናፍር የምናልፈው። የወር አበባ በየወሩ ብረት ይቀንሳል፤ ብረት ያነሳት ልጅ ደም ኦክስጂን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ልጅቷም ሰነፍ ትመስላለች። ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሲገኝ ሥጋ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይመረጣል። ያለ ምክንያት እየደከመች የመጣችውን ልጅ ተጨማሪ ዙር ከመቅጣት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በሜዳው የታችኛው ጫፍ ሜትርና ድንጋይ ይዤ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያውን ዮ-ዮ እንሞክራለን። መዝጋቢ ሁለት ሰው ያስፈልገኛል፤ ለሩጫውም ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ፣ «ሴቶች ናቸው» ሲሉ የሰማኋቸው ወንድሞች ጫማ ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል።