መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፦ ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ጥናትና የቀድሞ ተማሪዎች ድርሻ

የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ለኅብረተሰቡ የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ በአብዛኛው የሚለካው በተስተናገደው ባለጉዳይ ቁጥር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ባለጉዳዩ የተጻፈለትን ክስ ይዞ ከማዕከሉ ከወጣ በኋላ የገጠመውን ማን ያውቃል? ካልታወቀስ ትምህርት ቤቱ ከሰጠው አገልግሎት ምን ተማረ?

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት ታላላቅ ሕጎች ገና ለጋ ነበሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3,367 ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፣ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጀው ሬኔ ዳቪድ ነው። እነዚህ ሕጎች በችሎት እንዴት እንደሚተረጎሙ የሚያሳይ የታተመ ፍርድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በመጀመሪያው ዲን በጄምስ ፖል ጊዜ፣ በዚያው ዓመት መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ከምሁራን ጽሑፎች ጎን የተመረጡ ፍርዶችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማውጣቱ ይህን ክፍተት ሞልቷል። ፍርዱ ከችሎት ወደ መማሪያ ክፍል፣ ትችቱም ከመማሪያ ክፍል ወደ ችሎት የሚመላለስበት መንገድ ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ያሰማራ ነበር።

ዛሬ የፍርድ እጥረት የለም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ከአምስት የማያንሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደነገገ ወዲህ ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ወጥተዋል። እኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከነዚህ ቅጾች ውጭ የመመረቂያ ርእስ መፈለግ እየተውን ነው። ይሁንና ነፃ ድጋፍ የሚሻ ባለጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ሰበር አይደርስም፤ ጉዳዩ በታችኛው ፍርድ ቤት ያልቃል፤ አንዳንዴም መዝገብ ሳይከፈትለት ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪነቱ በአንድ የድጋፍ ማዕከል ሲያገለግል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ያልተከፈለ የአራት ወር ደመወዝ ለመጠየቅ መጣ። አሠሪው ዛሬ ነገ እያለ ስላቆየው ከሥራ ከወጣ ስምንት ወር አልፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 መሠረት ይርጋን ተከራካሪው ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በራሱ ስለማያነሣው፣ በዚህች ጠባብ ተስፋ ክሱ ተጻፈለት። በማዕከሉ መዝገብ ላይ «ምክር ተሰጥቷል፤ ክስ ተዘጋጅቷል» ተባለና ተዘጋ። ሰውየው ይርታ ይረታ አቅራቢው እስከ ዛሬ አያውቅም። በዓመቱ ሪፖርት ግን አገልግሎት ካገኙት አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። እንደ እርሱ ዘግይተው የመጡ ስንት ነበሩ? ስድስት ወር ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ላለ ሠራተኛ በቂ ነውን? ይህ ለጥናት የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ መረጃው ግን በእጃችን አልፎ ሄዷል።

የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚጠሩት ለምረቃ በዓል፣ ለኢዮቤልዩና ለመጻሕፍት መዋጮ ነው። ይህ አይነቀፍም። ነገር ግን እነርሱ በየፍርድ ቤቱ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ሬጅስትራሮችና ጠበቆች ናቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር፤ ከእንዲህ ያለ የነፃ አገልግሎት ሰዓት ጥቂቱ ለትምህርት ቤቱ ባለጉዳዮች ቢውል፣ የጉዳዩም ፍጻሜ ለማዕከሉ ቢነገር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በችሎት ላይ ስላለ ጉዳይ ዳኛን መጠየቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚፈለገው የተዘጋው መዝገብ ውሳኔ ግልባጭ ነው። ለጥናት ሲውልም የባለጉዳዩ ስምና አድራሻ መውጣት አለበት።

ለዚህ በማዕከሉ መዝገብ ላይ «ውሳኔ» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል። አስቸጋሪው፣ ክሱን የጻፈው ተማሪ ብዙ ጊዜ ውሳኔው ሳይሰጥ መመረቁ ነው። ስለዚህ ተመራቂው ከመሰናበቱ በፊት በእጁ የነበሩትን ጉዳዮች የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥርና ቀጠሮ ጽፎ፣ በዚያው ፍርድ ቤት አካባቢ ለሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪ በፊርማ ቢያስረክብ ዓምዱ ባዶ አይቀርም።